የማተሚያ ክፍሉ ዝም ያለበት ወር

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለደብተር መናገሩም ያሳፍረኛል። ዛሬ ኢንጂነሩ ያላነበበውን ነገር እኔ አነበብኩና ዝም አልኩ።

የማተሚያ ክፍላችን ኮምፒውተር ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ ነበር። ውስጡ ያለው ዲስክ ነው የሄደው። ኢንጂነሩ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ረቡዕ፣ ከውጭ እየመጣ የትምህርት ቤቱን ማሽኖች የሚያይ ሰውዬ ነው። አዲስ ዲስክ ከተተና ሲስተሙን እንደገና ጫነ። እስከዚህ ደህና። ግን ጽሑፉን ወደ ብሬል ነጥብ የሚለውጠው ፕሮግራም ከሲስተሙ ጋር አይመጣም። እሱ ያለው ፍላሽ ላይ ነው፤ ያውም ተዘጋጅቶ ሳይሆን በጥሬው፣ ሶርስ ኮድ የሚሉት። ወረቀት ሳይታጠፍና ሳይሰፋ እኔ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወድቀው ማለት ነው። ማሽኑ ራሱ ገጣጥሞ ፕሮግራም ሊያደርገው ይገባል።

ኢንጂነሩ ትዕዛዝ ጻፈ። መስመር በመስመር ላይ ወረደና ቆመ። ደገመ፤ ቆመ። ሠለሰ፤ ያው። «ይሄ ነገር በስብሷል፤ የዱሮ ነው» አለና ስክሪኑን አጠፋው።

እኔ ከጀርባው ወረቀት እየቆጠርኩ ነበር። የመጨረሻውን መስመር አይቼዋለሁ። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ያም ሆኖ «ሰዓት» እና «ተመልከት» የሚሉትን ቃላት አላጣቸውም። ሰዓትህን ተመልከት ነው የሚለው። የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ግን እንጃ።

ምን ነበረበት ብናገር? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ማተሚያው ዛሬም አልጮኸም። ስንት ቀን ጩኸቱን ረግሜዋለሁ፤ አሁን ዝምታው ነው ራሴን የሚያመኝ።

ጋሼ አራሚ መጡ። ዓይናቸው አያይም፤ የምናትመውን ሁሉ በግራ እጃቸው ጣት እያነበቡ ስህተት የሚለቅሙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የሚለቀም ስለሌለ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ዝምታ፣ አለሽ?» አሉ። ስሜ አይደለም፤ እሳቸው ያወጡልኝ ነው።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«ማሽኑም አንቺን አይቶ ነው እንዴ መናገር የተወው?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አናደደኝ። መናገር ካለብኝ ጊዜ ዝም፣ ዝም ማለት ካለብኝ ጊዜ ሳቅ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ረጅም ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ዳይሬክተሯ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ኢንጂነሩም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ማየት የማይችሉት ስድስቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ዘንድሮ ለፈተና የሚቀመጡት የመልመጃ መጽሐፉ በብሬል ታትሞ እጃቸው ከገባ ነው። ለሚያይ ሰው አንዲት ስስ መጽሐፍ ናት፤ በብሬል ግን አራት ወፍራም ቅጽ ይወጣታል። የተፈታኞች ዝርዝር የሚላከው ሚያዝያ 16 ጠዋት ነው። እስከዚያ አራቱም ቅጽ ካልደረሰ ስማቸው ይወጣና ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያሉ።

«መጽሐፍ ሳይኖራቸው ልኬያቸው ቢወድቁ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ሲናገሩ ግን ጠረጴዛውን እንጂ እኛን አያዩም ነበር።

ከስድስቱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት፤ ቤት ውስጥ ትንሿ ነው የምንላት። ለትንሿ «የሚቀጥለው ዓመት» የሚባል ነገር የለም። በክረምቱ አሥራ አምስት ትሞላለች፤ ደንቡ ደግሞ አሥራ አምስት የሞላውን አያስቀምጥም። ሌሎቹ ይቆያሉ። እሷ ቤት ትቀራለች። ይህን ዳይሬክተሯ ያውቃሉ። እጄን አውጥቼ ላስታውሳቸው ነበር። አላወጣሁም።

ስንወጣ ኢንጂነሩ ኮሪደሩ ላይ ለንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ሲያወራ ሰማሁት፦ «እኔ አዲስ ማሽን ግዙ ብያለሁ። አንድ ዓመት ቢቆዩስ ምን ይሆናሉ? እነሱ ደግሞ የት ለመድረስ ይቸኩላሉ?»

ሴትየዋ ሳቀች። እኔ የወረቀት ክምር ታቅፌ በመሀላቸው አለፍኩ። ሰላም አልኳቸው! ሰላም አልኳቸው እኮ።

የት ለመድረስ ይቸኩላሉ። የት ለመድረስ ይቸኩላሉ። ሁለቴ የጻፍኩት እንዳልረሳው ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 23

ትንሿ ስለ ዝርዝሩ ሰምታለች። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ፦

«ዛሬ ለምን ትፈጥኛለሽ?»

«አልፈጠንኩም።»

«እየጎተትሽኝ ነው። በኢንጂነሩ ተናደሻል አይደል? ሽቶው ገና ከበሩ ይገባል፤ እውቀቱ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።»

መሀል መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቁን አቆመችና «ካልታተመ ግን ንገሪኝ። በመጨረሻው ቀን መስማት አልፈልግም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱ ሲቀበላት አብሯት የሚመላለስ ሰው ያስፈልግ ነበር። እማዬ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ መቅረት አትችልም። ስለዚህ እኔ ስምንተኛን ጨርሼ ተውኩ፤ በዚያው ወረቀት ማጠፍ ቀጠሩኝ። ትምህርት እንደሆነ ድሮም ያን ያህል አልወድም ነበር። የተረሳ ነገር ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

ነገርኩት። በመጨረሻ ነገርኩት። እንዲህ ነው የሆነው፦

«እ... ይቅርታ... ማሽኑ ሰዓቱን ተመልከቱ ነው የሚለው። የመጨረሻው መስመር ላይ።»

ዞር ብሎ አየኝ። መጀመሪያ የት እንዳለሁ የጠፋበት መሰለ። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ኢንጂነር የሆንሽው? ወረቀትሽን እጠፊ፤ እሺ፣ እናቴ?»

እናቴ! እኔ የእሱ እናት አይደለሁም።

ከዚያ ለአንድ ሰው ስልክ ደወለ፤ አልተነሳለትም። እንደገና ደወለ። ግንባሩን አልቦት ነበር፤ ክፍላችን ደግሞ መስኮቱ ስለማይገጥም አይሞቅም። ከዚያ የአዲስ ማሽን ዋጋ እያጠያየቅኩ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት አልመጣም ብሎ ሄደ። ፍላሹን መሳቢያው ውስጥ ጣለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 27

አገኘሁት!!

የምሳ ሰዓት ላይ ነው የምጽፈው፤ በችኮላ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ማሽኑ ትንሿ ገና ያልተወለደችበት ዓመት ላይ ነው ያለው። እውነቴን ነው።

ከዚህ በፊት ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ባለሙያ በየጠዋቱ ማሽኑን ስታበራ አንድ ሰማያዊ ገጽ ከፍታ የሆነ ነገር ትሞላ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ቀኑን ነው የምነግረው፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳል» ብላኝ ነበር። እሷ አግብታ ስትሄድ ልማዷም አብሯት ሄደ። ለኢንጂነሩ የነገረው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀም።

ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች የተጻፉት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ማሽኑ ግን ዛሬ አዲስ ፋይል ሲፈጥር የድሮ ቀን ይለጥፍበታል። አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ አርጅቶ ሲያየው «ይሄ ጤና አይደለም» ብሎ ይቆማል። ማሽኑ ትክክል ነው! በስብሷል የተባለው ነገር አልበሰበሰም።

ዓርብ፣ መጋቢት 29

ለዳይሬክተሯ ልነግራቸው ሄጄ ጸሐፊዋ «ምን ነበር?» ስትለኝ «የሚታጠፍ ወረቀት አለ ወይ ልል ነው» አልኳት። የሚታጠፍ ወረቀት! ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ራሴ ልሞክረው። ፍላሹ ላይ እንዴት እንደሚጫን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ፤ ከሶርሱ ጋር አብሮ የመጣ። ማንም ከፍቶት አያውቅም መሰለኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት ተውሼ በሁለት የምሳ ሰዓት ጨረስኩት። የገባኝ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ኮንፊገር የሚሉት ማሽኑን እየዞረ ይመረምራል፤ ይሄ አለህ? ያ አለህ? እያለ። ከዚያ ሜክ የሚሉት ይገጣጥማል። በመጨረሻ የተገጣጠመው ወደ ቦታው ይገባል። ይህ የመጨረሻው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ኪቦርዱ ሥር በወረቀት ተለጥፏል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ታውቀዋለች። አልነካውም። ምክንያቱም ጽሑፉ ሌላ መንገድ እንዳለ ይናገራል፦ ኮንፊገር ሲጀምር «የራሴ ፎልደር ውስጥ አስገባልኝ» ከተባለ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሲስተሙም አንድ ፋይል አይነካም። የማተሚያ ክፍሉ ፎልደር ደግሞ የማተሚያ ክፍሉ ነው። እኔ እዚያ ነው የምሠራው።

ይህን ሳነብ ምሳዬን ረሳሁት። ሳህኑን ያየሁት ደወል ሲደወል ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ቀኑን ሞላሁ። ኮንፊገር አልቆመም! ይሄ አለህ? አለ። ያ አለህ? አለ። ቁጭ ብዬ እንደ ሞኝ አብሬው «አለ፣ አለ» እል ነበር። ሜክ ጀመረ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3

መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማሽኑ ቀኑን እንደገና ረስቶታል፤ ግማሹ የዘንድሮ፣ ግማሹ የድሮ ሆኖ ተመሰቃቀለ። ሁሉንም ጠርጌ ከመጀመሪያው። ቀን መሙላት መጀመሪያ። ሁልጊዜ መጀመሪያ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4

ለካ ፕሮግራሞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ነጥቡን የሚያውቀው ነው፤ ሌላው ገጹን አሰናድቶ ለማተሚያው የሚልከው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን «አላገኘሁትም» አለኝ። ጎረቤቱ ተቀምጦ! የት እንዳስቀመጥኩት መንገሬን ረስቼ ነው። ነገ።

ጋሼ አራሚ በሩ ላይ ቆመው «ኪቦርዱ ላይ ያለው ማነው?» አሉ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። «እሺ፤ አይጥ ነው» ብለው ሄዱ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 6

ጮኸ። ማተሚያው ጮኸ!

የመጀመሪያውን ገጽ ጋሼ አራሚ ጋ ወሰድኩት። ጣታቸውን አስኬዱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ የማን ቋንቋ ነው፣ ዝምታ?» ፕሮግራሙ የብዙ ቋንቋ የነጥብ ሠንጠረዥ አለው፤ እኔ ደግሞ የሌላ ቋንቋ ሰጥቼዋለሁ። ሮጬ ቀየርኩት። ሁለተኛውን ሲያነቡ ጣታቸው መስመሩ ላይ ሳይቆም ሄደ። እስከ ታች። ከዚያ ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አይጧ ጎበዝ ናት» አሉ።

«ለማንም እንዳይናገሩ፣ ጋሼ። መጀመሪያ መጽሐፉ ይለቅ።»

«ለምን? ሰረቅሽ እንዴ?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቅጽ አንድ ስድስት ኮፒ እስከ ማታ ታተመ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ቅጽ ሁለትም አለቀ። ትንሿ አንዱን ታቅፋ ነው ወደ ቤት የመጣችው። «ይሄ ያንቺ ስፌት ነው» አለች ጀርባውን እየነካች። «ማን አሳተመው?» ማሽኑ ተሠራ አልኳት።

«ማን ሠራው?»

«ተሠራ አልኩሽ እኮ።»

«ስትዋሺ ድምፅሽ ይወፍራል» አለችኝ።

ኢንጂነሩ ዛሬ ተመልሶ ነበር። ማተሚያው ሲጮኽ ሰምቶ በሩ ላይ ድርቅ አለ። ምንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ዳይሬክተሯ በጠዋት ስብሰባ ላይ፦ «ኢንጂነራችን ከብዙ ድካም በኋላ ማሽኑን አስነስቶልናል። ትናንት ማታ ነግሮኛል። እናመሰግናለን።» አጨበጨቡ። እሱ እንኳ አልነበረም፤ ዛሬ ቀኑ አይደለም። በሌለበት ተጨበጨበለት!

ጋሼ አራሚ «ማን አላችሁ?» አሉ ጮክ ብለው። ሁሉም ዞሩ። እኔን እየጠበቁ ነበር፤ ገብቶኛል። ጫማዬን አየሁ። «አይ፣ አልሰማሁም ብዬ ነው» አሉና ተቀመጡ።

አጨበጨብኩ። እኔም። ይህን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 11

ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ ንዴቱ ግን አያስለቅሰኝም።

ጠዋት ኢንጂነሩ መጣና «ይሄ ነገር ቦታው አይደለም የተቀመጠው፤ በሥርዓት ላስተካክለው» አለ። በአስተዳዳሪ ገባና የማተሚያ ክፍሉን ፎልደር ከነምናምኑ አጠፋው። በአንድ ትዕዛዝ። እኔ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር። «አይ!» ብያለሁ፤ ግን ለራሴ ነው ያልኩት፤ ማንም አልሰማም።

ከዚያ ጠረጴዛው አልመቸውም፤ ማሽኑን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ሲነቅለው ቀኑ ጠፋ። ከዚያ ከፍላሹ ሊጭን ሞከረ። ቆመ። ሞከረ። ቆመ። ያው መስመር። ያው ሰዓትህን ተመልከት! ሦስት እርምጃ ነበር በመሀላችን ያለው። ልነግረው እችል ነበር። «ወረቀትሽን እጠፊ» ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። ስለ ትንሿ ብዬ እንኳ አልከፈትኩትም። ይህን ለማን ልናዘዝ?

ሳሎን የሚያህለውን የዳይሬክተሯን ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

«ማሽኑን ነክተሻል?»

«አዎ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

እጄ ላይ የቀረውን ክር ጠቀለልኩ።

«እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር» አለ ኢንጂነሩ። «የአስተዳዳሪውን ቃል ሰርቃ ገብታ እኔ ያስነሳሁትን አበላሽታዋለች። አሁን የሚያስነሳው የለም።»

አልሰረቅኩም! አልተጠቀምኩበትም! አንድም ጊዜ! ይህን ሁሉ ውስጤ እየጮኸ ዳይሬክተሯ ጠየቁኝ፦ «ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?»

«ስምንተኛ።»

እሱ በአፍንጫው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ከዛሬ ጀምሮ ከማጠፍና ከመስፋት ሌላ እጅሽ ማሽን እንዳይነካ። ብትነኪ ሥራሽን ታጫለሽ» አሉ። ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው፤ እንዳልረብሻቸው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

ጸሐፊዋ ዝርዝሩን አጽድታ ጻፈችው። ስድስቱ የሉበትም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታሽጎ ይወጣል።

ለትንሿ ነገርኳት፤ ቃል ገብቼ ነበርና። አላለቀሰችም። ቅጽ ሁለትን አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ደጋግማ አነበበች። «ጥያቄው እዚህ ተጀምሮ ምርጫዎቹ ቅጽ ሦስት ላይ ናቸው» አለች። «ቢያንስ ምርጫዎቹን ባውቃቸው።»

እማዬ ወጥ ቤት ሆና «በቃ፣ የሆነው ሆነ» አለች። በቃ! ሁሉም ሰው ስለ እኛ በቃ ማለት ይቀለዋል፤ እማዬ ራሷ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14

ጋሼ አራሚ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚውሉት። የማተሚያ ክፍሉ ቁልፍ ከድሮ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ አለ። ሄድኩ፤ ጠረጴዛቸው ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ስጡኝ።»

«ለምን?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሰዓቱ ጀምሬ እስከ ቢሮው። ማቋረጥ አልቻልኩም። በሕይወቴ ይህን ያህል የተናገርኩ አይመስለኝም። ሲያልቅ አፌ ደርቆ ነበር።

«ተከልክለሻል» አሉ።

«አዎ።»

«ሥራሽን ታጫለሽ።»

«አዎ።»

ተነሡና ዱላቸውን ፈለጉ። «እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ማን እንደተቀመጠ በምን ዓይኔ አይቼ ልመስክር?»

ቀኑን ሞላሁ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ገጣጠምኩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፤ የመጀመሪያው የት እንዳለ ነግሬው። የመጽሐፉ ጽሑፍ እንደ ሶርሱ ፍላሹ ላይ ስላለ አልጠፋም ነበር። ያን ጊዜ ከሳምንት በላይ የፈጀብኝ ዛሬ ከምሳ በፊት አለቀ። የይለፍ ቃሉ ወረቀት ኪቦርዱ ሥር እንደተለጠፈ ነው። አልነካሁትም። ቅጽ ሦስት ስድስቱም ኮፒ ታተመ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15

ትንሿን ይዣት ሄድኩ። ጋሼ አራሚ እያነበቡ፣ እኔ እያተምኩ፣ እሷ እያጠፈች። ገጾቹን ጥጋቸውን እየዳሰሰች ትደረድራለች፤ ከእኔ ትፈጥናለች፤ አንድም አላዛባች። «ሁለት ዓመት ሙሉ የምታከብጂው ሥራ ይሄ ነው?» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መብራት ብልጭ አለ። አልጠፋም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቅጽ አራት አለቀ። የመጨረሻውን ኮፒ እኔ ሰፋሁት።

ጋሼ አራሚ በሩን ሲቆልፉ «ነገ ከጠየቁሽ አራሚው ነው አስገድዶ ያሠራኝ በይ። እኔን አያባርሩኝም፤ ሌላ ጣት ከየት ያመጣሉ?» አሉ።

እማዬ ደግሞ ስትሰማ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ «መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ውጪ። ማን እንዳደረገው ምን ያደርግልሻል? ሥራሽን ያዢ፤ ልጄ» አለች። እውነቷን ነው፤ የእኔ ደመወዝ ቤት ውስጥ ቀዳዳ ይደፍናል። ስታወራ ግን እጇ ቅጽ አራት ላይ ነበር፤ ነጥቡን ባታነበውም ትዳስሰዋለች።

አስቤበታለሁ። አስቀምጬ ብወጣ ነገ ቀኑ ሰኞ ነው፤ ኢንጂነሩ ይገባል። መጽሐፉን ያያል። እኔ ነኝ ይላል፤ ይጨበጨብለታል። ከዚያ ማሽኑን እንደገና «ያስተካክለዋል»። ወይም ዳይሬክተሯ ከየት እንደመጣ የማያውቁት መጽሐፍ ስለሆነ አያምኑትም፤ ዝርዝሩም እንደተጻፈ ይታሸጋል። በጋሼ አራሚ ስም ብደበቅም ያው ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሠራሁት ነገር ባለቤት የለውም፤ የጣስኩት ክልከላም የሽማግሌው ዕዳ ይሆናል። አልፈልግም። የሰው ጭብጨባም የሰው ቅጣትም በቃኝ።

ስለዚህ ነገ፦ ዳይሬክተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ እቆማለሁ፤ አሥራ ሁለቱን መጽሐፍ በጋሪ ይዤ። ጸሐፊዋ ምን ነበር ካለችኝ «ከዳይሬክተሯ ጋር ነው» እላታለሁ። ኢንጂነሩን አልጠብቀውም፤ ከመጣ ግን አልወጣም። የምለውን ጽፌዋለሁ፦

«ክልከላዎን ጥሻለሁ። ቅጽ ሦስትና አራት ይኸው፤ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ አንድና ሁለትንም እንደዚሁ። የአስተዳዳሪውን ቃል አልሰረቅኩም፤ ማሽኑን ያቆመው ምን እንደሆነ አሁኑኑ እዚሁ አሳይዎታለሁ። ዝርዝሩ ከመታሸጉ በፊት ስድስቱን ስሞች ይመልሱ፤ ስለ እኔ ከዚያ በኋላ ይወስኑ።»

ድምፄ ከተቆረጠ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።